የድርጅትን ድረ ገጽና መተግበሪያ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ማድረግ፦ አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ድረ ገጹንና የሞባይል መተግበሪያውን አካል ጉዳተኞች ያለ ሌላ ሰው እርዳታ እንዲጠቀሙባቸው ለማድረግ የተነሣ ድርጅት እርስ በርሱ የሚጋጭ ምክር መስማቱ አይቀርም። አንዱ አቅራቢ በአንዲት መስመር ኮድ ሁሉን የሚያስተካክል መሣሪያ አለኝ ይላል። ሌላው የባለሙያ ኦዲት ሳይደረግ አንድም ነገር እንዳይነካ ያስጠነቅቃል። የድርጅቱ ፕሮግራመሮች በበኩላቸው አሮጌውን ከመጠገን አዲስ መሥራት ይቀላል ብለው ይከራከራሉ። ሦስቱም ተደራሽነት የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ፤ የሚያቀርቡት ነገር ግን ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ልዩነቱን ለይቶ ማወቅ የውሳኔ ሰጪው ኃላፊነት ነው።

ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚመዝነው በሁለት ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው፣ ማስተካከያው የሚያርፈው በምንጩ ላይ፣ ማለትም በኮዱ፣ በዲዛይኑና በጽሑፉ ላይ ነው ወይስ ከላይ ተደርቦ የሚቀመጥ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገጹ ከስድስት ወር በኋላ ሲለወጥ ማስተካከያው አብሮ ይዘልቃል ወይ የሚል ነው። ዋጋና ጊዜ ከእነዚህ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው፤ ምክንያቱም በርካሽ ተገዝቶ በዓመቱ የጠፋ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ጉልህ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ይህም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ይሆናል። ፍላጎታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ዓይነ ስውሩ ገጹን በስክሪን ሪደር፣ ማለትም የማያ ገጹን ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ያዳምጣል፤ እይታው የደከመው ሰው ጽሑፉን ያጎላል፤ መስማት የተሳናት ሴት የቪዲዮውን ንግግር በግርጌ ጽሑፍ ትከታተላለች፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማውሱን ትቶ በኪቦርድ ይሠራል፤ የማንበብ ወይም የማስታወስ ችግር ያለበት ሰው አጭርና ግልጽ መመሪያ ይፈልጋል። አንድ አማራጭ ሲቀርብላችሁ እነዚህን አምስት ሰዎች በየተራ በሐሳባችሁ አስቀምጡና ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ብዙ አቅራቢዎች መልስ የሚኖራቸው ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ብቻ ነው።

ተደራቢ መሣሪያ ወይስ የኮዱን ማስተካከል?

ተደራቢ መሣሪያ የሚባለው ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር የሚጫን ፕሮግራም ሲሆን፣ በገጹ ጥግ ላይ ትንሽ የሰው ምስል ያስቀምጣል። ምስሉ ሲነካ ጽሑፍ ማጉያ፣ ቀለም መቀየሪያ፣ እንቅስቃሴ ማቆሚያና የመሳሰሉት ይዘረጋሉ። አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካይነት ለምስሎች መግለጫ እንጽፋለን፣ ስም ለሌላቸው ቁልፎች ስም እንሰጣለን ይላሉ። በአንድ ቀን መጫን መቻሉና የድርጅቱን ፕሮግራመሮች ጊዜ አለመውሰዱ በጣም እንዲማርክ ያደርገዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ተጠቃሚው ባዶ እጁን አይመጣም ከሚለው እውነት ነው። ጆዝ የተባለው ስክሪን ሪደር ለዊንዶውስ የቀረበው በ1995 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በነጻ የሚገኘው ኤንቪዲኤ ሥራው በ2006 ተጀምሯል፤ ቮይስኦቨር ከ2009 ጀምሮ በአይፎን ውስጥ ተካቶ ይመጣል፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይም ቶክባክ አለ። ዓይነ ስውሩ ሰው የንባቡን ፍጥነት፣ ድምፁንና አቋራጮቹን በራሱ መሣሪያ ላይ ለዓመታት አስተካክሎ የለመደ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ድረ ገጽ ላይ ሌላ አንባቢ ሲጫንበት እርዳታ ሳይሆን ጣልቃ ገብነት ይሆንበታል። እይታው የደከመውም ሰው ቢሆን ማጉያው በብራውዘሩና በስልኩ ውስጥ አለው፤ የሚፈልገው ጽሑፉን ሲያጎላ ገጹ እንዳይበታተን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ድክመት ግምት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቁልፍ ስም እንደሌለው ማየት ይችላል፤ ቁልፉ ማመልከቻውን እንደሚልክ ወይም እንደሚሰርዝ ግን በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም። የአንድን ምስል ይዘት ቢገምት እንኳ ምስሉ እዚያ ገጽ ላይ ለምን እንደተቀመጠ አያውቅም። በኪቦርድ ተገብቶ የማይወጣበትን ሳጥን፣ ቅደም ተከተሉ የተዛባውን ቅጽ፣ የግርጌ ጽሑፍ የሌለውን ቪዲዮ ከውጭ ሆኖ በአስተማማኝ ሁኔታ ማስተካከል አይቻልም። ለድረ ገጽ የተሠራው ተደራቢ የሞባይል መተግበሪያውን ደግሞ ከነጭራሹ አይነካውም። የኩባንያው ሰርቨር ሲቋረጥ ወይም የዓመት ክፍያው ሲያበቃ ገጹ ወደነበረበት ይመለሳል፤ በመጀመሪያም ቢሆን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰምና።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ ምርቱ ማንኛውንም ድረ ገጽ ወደ ኋላ ከምናየው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ ጋር እንዲስማማ ያደርጋል ማለቱ አሳሳች ነው በማለት 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ማዘዙን አስታውቋል። ስለዚህ አንድ መስመር ኮድ ከሕግ ተጠያቂነት ያድናል የሚለውን የሽያጭ ቃል ማመን አይገባም። በእኔ ግምት ተደራቢ መሣሪያ በኮዱ ማስተካከያ ምትክ ሊገዛ የሚገባበት ሁኔታ የለም። የጽሑፍ ማጉያ ወይም የጨለማ ገጽታ ቁልፍ ለተጠቃሚዎች መስጠት ከተፈለገ የድርጅቱ ፕሮግራመሮች ራሳቸው በገጹ ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ።

ለአካል ጉዳተኞች ብቻ የተለየ፣ ምስል የሌለው ሁለተኛ ገጽ እንሥራ የሚለው ሐሳብም አልፎ አልፎ ይነሣል። የተለየው ገጽ ዋናው ሲታደስ አብሮ አይታደስም፤ ወራት ሳያልፉም አሮጌ ዋጋና የተለወጠ ቀጠሮ የሚነበብበት ቦታ ይሆናል። ይህን አማራጭ በጊዜ መተው ይሻላል።

በምን እንፈትሽ፦ በሶፍትዌር፣ በባለሙያ ወይስ በተጠቃሚ?

በራሱ የሚፈትሽ ሶፍትዌር በደቂቃዎች ውስጥ ሺህ ገጾችን ያያል። አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ስክሪን ሪደር የሚያነበው መግለጫ፣ የሌለውን ምስል፣ ስያሜ የሌለውን የቅጽ ሳጥን፣ ከጀርባው ጋር የተመሳሰለውን ደብዛዛ ጽሑፍ፣ ቋንቋው ያልተገለጸበትን ገጽ ያወጣል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአማርኛ የተጻፈ ገጽ በኮዱ ውስጥ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክርና አድማጩ ምንም ሳይረዳ ይቀራል። ዌብኤይም የተባለው ድርጅት በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የፊት ገጽ በሶፍትዌር ይፈትሻል፤ በ2025 በ94.8 በመቶው ላይ ስሕተት ተገኝቷል፤ ከሁሉ የበዛውም የጽሑፍና የጀርባ ቀለም አለመለያየት ነው። የስሕተቶቹ አብዛኛው ክፍል በጥቂት ዓይነቶች የሚጠቃለልና ለማስተካከልም ከባድ ያልሆነ በመሆኑ፣ ሥራውን በሶፍትዌር ፍተሻ መጀመር ተገቢ ነው።

መጀመር እንጂ መጨረስ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ዲጂታል አገልግሎት በ2017 ሆን ብሎ በብዙ መሰናክሎች የሞላው የሙከራ ገጽ ሠርቶ የታወቁ መፈተሻዎችን ሲያወዳድር፣ ከመሰናክሎቹ ግማሹን እንኳ ማግኘት የቻለ አንድም አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሶፍትዌሩ አማራጭ ጽሑፍ መኖሩን እንጂ ትክክል መሆኑን አይመዝንም፤ በአንድ ሠንጠረዥ ሥዕል ላይ «ምስል 1» ተብሎ ቢጻፍም ያሳልፈዋል። ስለዚህ «ከመቶ መቶ አገኘን» የሚል ሪፖርት ለሥራ አመራሩ ሲቀርብ የሚያሳየው ሶፍትዌሩ ሊለካው የቻለውን ብቻ መሆኑ አብሮ መነገር አለበት።

ባለሙያው የሚያደርገው ሌላ ነው። ማውሱን ትቶ በታብ ቁልፍ ብቻ ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ይታየው እንደሆነ ይከታተላል፤ ጽሑፉን እስከ 200 በመቶ፣ ከዚያም ገጹን እስከ 400 በመቶ ያጎላና ወደ ጎን ማንሸራተት ሳያስፈልገው ማንበብ ይችል እንደሆነ ያያል፤ በስክሪን ሪደር አዳምጦ የስሕተት መልእክቶች ይነበቡ እንደሆነ ያረጋግጣል። ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ሁሉንም ገጽ ማስፈተሽ አያስፈልግም። መመዝገብ፣ መግባት፣ መክፈል፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ቅሬታ ማቅረብ የመሳሰሉትን ዋና ዋና ጉዳዮች ከመነሻ እስከ መድረሻ መስጠት ከተበታተኑ ሃምሳ ገጾች የበለጠ ይጠቅማል። ከዚህ ውስጥ የታብ ቁልፍ ሙከራውን ማንኛውም ኃላፊ ዛሬውኑ በገዛ ኮምፒዩተሩ ሊሞክረው ይችላል፤ ውጤቱ ከየትኛውም ገለጻ ይልቅ ያሳምናል።

የተጠቃሚዎች ሙከራ የሚያመጣውን ግን ባለሙያው እንኳ አያመጣም። ሁሉንም መስፈርት ያሟላ ቅጽ፣ ተጠቃሚው የተጠየቀው ነገር ስላልገባው ብቻ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። ለሙከራው የተለያየ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ጋብዙ፤ ለጊዜያቸውም እንደማንኛውም ባለሙያ ክፈሉ፤ የራሳቸውን ስልክና የለመዱትን መሣሪያ ይዘው ይምጡ። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በሶፍትዌር ሊገኙ የሚችሉት ስሕተቶች ሳይጸዱ ሰዎቹን መጥራት ተገቢ አይደለም። ስም በሌለው የመግቢያ ቁልፍ ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት ሲጨርሱ ማየት ለእነሱም ድካም ነው፤ ለድርጅቱም የሚያስተምረው አዲስ ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫው ከሦስቱ አንዱን መውሰድ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፤ ገንዘብ ካነሰ የሚጠበበው የገጾቹ ብዛት እንጂ የፍተሻው ዓይነት መሆን የለበትም።

የትኛው መስፈርት፣ የትኛው ደረጃ?

እዚህ ላይ ብዙ መወያየት አያስፈልግም። በዓለም ላይ የሚሠራበት ዋናው መስፈርት የዓለም አቀፉ ድር ኅብረት የሚያወጣው የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ሲሆን፣ እትም 2.0 በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በጥቅምት 2023 ወጥተዋል። ደረጃዎቹ ነጠላ ኤ፣ ደብል ኤና ትሪፕል ኤ ናቸው። ነጠላ ኤ ብቻውን አይበቃም፤ ለምሳሌ የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን የሚለው መስፈርት የሚገኘው በደብል ኤ ነው። ትሪፕል ኤን ደግሞ ለመላው ድረ ገጽ አጠቃላይ ግዴታ ማድረግን አውጪው ኅብረት ራሱ አይመክርም፤ አንዳንድ ይዘቶች ሁሉንም ሊያሟሉ አይችሉምና። እትም 2.2 በደብል ኤ ደረጃ ሲወሰድ 55 መስፈርቶችን ይይዛል፤ የቀደሙትን ከሞላ ጎደል ስለሚያጠቃልል አሮጌው ሕግ ለሚጠይቅባቸው ቦታዎችም ያገለግላል። የይለፍ ቃልን በቃል ከማስታወስ ሌላ የመግቢያ መንገድ እንዲኖር፣ በመጎተት ብቻ የሚሠራ ነገር በመንካትም እንዲሠራ የሚጠይቁት አዳዲስ መስፈርቶች ለስልክ ተጠቃሚዎች ትልቅ ለውጥ ናቸው። ለአውሮፓ ኅብረት ሸማቾች የሚሸጥ ድርጅት ከሆናችሁ ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነውን የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ ለብቻው ተመልከቱ።

መጠገን ወይስ እንደ አዲስ መሥራት?

ፕሮግራመሮች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ መሥራትን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። ዋናው መለያ ገጾቹ የተሠሩበት መንገድ ነው። ድረ ገጹ ከጋራ ክፍሎች የተገነባ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት የቀን መምረጫና አንድ ዓይነት ቅጽ በሁሉም ቦታ የሚደጋገም ከሆነ፣ አንዱን ክፍል ማረም መቶዎቹን ገጾች ያርማል፤ እንዲህ ያለውን ማፍረስ ብክነት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው እየተገለበጠ የተጻፈ ከሆነ ግን አንዱን ማረም ሌላውን ስለማይነካ የጥገናው ድካም ማለቂያ አይኖረውም።

ሆኖም አዲስ መሥራት ሁለት አደጋዎች አሉበት። አንደኛ፣ ሥራው ሁልጊዜ ከታሰበው ጊዜ ይዘገያል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አሮጌው ገጽ ከነመሰናክሉ ይቀጥላል፤ «አዲሱ ሲመጣ ይስተካከላል» የሚለው መልስም ዛሬ ክፍያ መክፈል ላቃተው ሰው መልስ አይደለም። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ስሕተት የሠራው ልማድ ካልተለወጠ አዲሱም ያንኑ ይደግማል። በጣም የተለመደው ስሕተት ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚጻፍበት የኮድ ቋንቋ፣ ራሱ ያዘጋጀውን ቁልፍ ወይም የምርጫ ዝርዝር ትቶ ተመሳሳዩን ከባዶ ሳጥን መሥራት ነው። ኤችቲኤምኤል ያዘጋጀው ቁልፍ በኪቦርድ ይሠራል፤ ለስክሪን ሪደርም ቁልፍ መሆኑን ይናገራል፤ በባዶ ሳጥን የተሠራው ግን ቁልፍ የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት አሪያ የተባለ ተጨማሪ የኮድ ምልክት አለ፤ የአጠቃቀሙ የመጀመሪያ ሕግ ግን ኤችቲኤምኤል የሚሰጠው ካለ አሪያን አትጠቀም የሚል ነው። በዌብኤይም ዓመታዊ ፍተሻም አሪያ ያለባቸው ገጾች በአማካይ ከሌለባቸው የበለጠ ስሕተት ተገኝቶባቸዋል።

ስለዚህ የምመክረው ዋና ዋናዎቹን ጉዳዮች አሁኑኑ ባሉበት ማረምና፣ አዲስ ሥራ በማንኛውም ምክንያት የሚጀመር ከሆነ ተደራሽነትን በውሉ ውስጥ የመረከቢያ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ማስገባት ነው። ይህ የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ተገዝቶ በገጹ ውስጥ በሚገባበት ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል። የክፍያ ገጹ፣ ካርታው፣ የውይይት ሳጥኑና ሰው መሆንን ማረጋገጫው ካፕቻ ብዙውን ጊዜ የድርጅቱ ንብረት አይደሉም፤ ነገር ግን ዓይነ ስውሩ የሚቆመው እዚያው ላይ ነው። ከአቅራቢው የተደራሽነት ሪፖርት ጠይቁ፤ ለየትኛው እትም፣ መቼና በማን እንደተሠራ አረጋግጡ፤ ከዚያም በስብሰባው ላይ ማውስ ሳይነካ እንዲያሳያችሁ ለምኑት።

ድረ ገጽ፣ መተግበሪያ ወይስ ሁለቱም?

ለአንዱ ብቻ የሚበቃ አቅም ካለ ድረ ገጹን በሚገባ መሥራት ይበልጣል፤ በኮምፒዩተርም በስልክም፣ በማንኛውም ስክሪን ሪደር ይከፈታልና። ለየስልኩ ሥርዓት ለብቻው የሚሠራ መተግበሪያ የሥርዓቱን የራሱን ቁልፎችና ቅጾች ከተጠቀመ ከቮይስኦቨርና ከቶክባክ ጋር ያለ ብዙ ድካም ይግባባል፤ ተጠቃሚው በስልኩ ላይ የመረጠውን የጽሑፍ መጠንም ይቀበላል። መልኩን ለማሳመር ሁሉን በራሱ የሚስል መተግበሪያ ግን ለስክሪን ሪደር ባዶ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ሥርዓት በአንድ ኮድ የሚሠራ መተግበሪያ ጊዜ ይቆጥባል፤ ፍተሻው ግን በሁለቱም ላይ ለየብቻ መደረግ አለበት፤ በአይፎን ላይ ያለፈ በአንድሮይድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሚነኩ ነገሮች መጠን ላይ አፕል 44 በ44 ፖይንት፣ አንድሮይድ 48 በ48 የማያ ገጽ መለኪያ ሲመክሩ፣ የ2.2 መመሪያ ዝቅተኛ ልክ 24 በ24 ፒክስል ነው፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ትልቁን መምረጥ ይገባል።

ሰነዶችም የዚሁ አካል ናቸው። በስካነር የተነሣ ፒዲኤፍ ለስክሪን ሪደር ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ለንባብ የሚወጣ ማስታወቂያ በድረ ገጹ ላይ እንደ ገጽ ቢወጣ፣ ፒዲኤፉም ለማተም ለሚፈልጉ ቢቀር የተሻለ ነው።

የውጭ አማካሪ ወይስ የራስ ሠራተኛ?

የውጭ አማካሪ ልምድና ገለልተኛነት ያመጣል፤ ሪፖርቱን አስረክቦ ሲሄድ ግን እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የራስ ሠራተኛ ይቆያል፤ ለመማር ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ የራሱን ሥራ ሲፈትሽም ይራራል። የመጀመሪያውን ኦዲትና ሥልጠናውን ለውጭ ባለሙያ፣ እርማቱን ለራስ ሠራተኛ መስጠት ለአብዛኛው ድርጅት ይስማማል። ውሉም አማካሪው ከእርማቱ በኋላ ተመልሶ እንዲፈትሽ ማስገደድ አለበት። ትንሽ ድርጅት ቡድን ማቋቋም አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ከባድ መሰናክል ያለበት ማሻሻያ እንዳይለቀቅ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስሙ መመደብ ይኖርበታል። ሥልጣን የሌለው ተጠሪ ደብዳቤ ጻፊ ሆኖ ይቀራል።

ሥልጠናው ለፕሮግራመሮች ብቻ ሲሰጥ ሁልጊዜ የሚረሱት ጽሑፍና ቪዲዮ የሚያወጡ ሠራተኞች ናቸው። ገጹ በሚገባ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ በየቀኑ «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ፣ መግለጫ የሌለው ምስልና የግርጌ ጽሑፍ የሌለው ቪዲዮ የሚጨምሩት እነሱ ናቸው። በኮምፒዩተር የሚወጣ የግርጌ ጽሑፍ ጊዜ ይቆጥባል፤ ስሞችንና ቁጥሮችን ስለሚያሳስት ግን ሰው ሳያርመው መውጣት የለበትም።

የተጠቃሚዎችን ቅሬታ የሚቀበል መንገድም ከዚሁ ጋር ይታሰብ። የስልክ ቁጥር ብቻ ማስቀመጥ መስማት የተሳነውን ያስቀራል፤ ቅጽ ብቻ ማስቀመጥም ቅጹን መሙላት ያቃተውን ያስቀራል፤ ስለዚህ ቢያንስ ስልክ፣ ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት አብረው ይቅረቡ። በድረ ገጹ ላይ በሚወጣው የተደራሽነት መግለጫ ድርጅቱ የሚያውቃቸው ጉድለቶችና የሚታረሙበት ጊዜ ይጻፉ፤ የመጣው ቅሬታ ሁሉ ፕሮግራመሮቹ በየዕለቱ በሚያዩት የስሕተት መዝገብ ውስጥ ይግባ፤ እርማቱ ሲያልቅም ለአመልካቹ ተነግሮት፣ ያቃተውን ጉዳይ ራሱ ሞክሮ ሠርቶልኛል እስኪል ድረስ መዝገቡ አይዘጋ።